ኬክሮስን ከጨረቃ ማግኘት፦ በባሕር ላይ በሴክስታንት የሚሠራው ልኬትና ስሌት

በውቅያኖስ መካከል የሚጓዝ መርከብ ያለበትን ቦታ ለማወቅ ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጉታል። አንደኛው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቀ የሚናገረው ኬክሮስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከግሪንዊች ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን ርቀት የሚናገረው ኬንትሮስ ነው። ከሁለቱ ቀድሞ በሰው እጅ የገባው ኬክሮስ ነው፤ በባሕር ላይ የማይዛነፍ ሰዓት ከመሠራቱ ከብዙ ዘመን በፊት መርከበኞች በቀትር የፀሐይን፣ በሌሊት ደግሞ የሰሜን ኮከብን ከፍታ እየለኩ ኬክሮሳቸውን ያውቁ ነበር። ጨረቃም ለዚሁ ሥራ ታገለግላለች፤ ሆኖም ስሌቷ አድካሚ ነው እየተባለ ብዙ የመርከብ መኮንኖች ይሸሿታል። ሽሽቱ ተገቢ አይመስለኝም። ጨረቃን ከፀሐይና ከከዋክብት የሚለዩአት እርማቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመነጩት ከአንድ ምክንያት፣ ማለትም ለምድር እጅግ ቅርብ ከመሆኗ ነው፤ ይህን ምክንያት ጠንቅቆ የተረዳ ሰው ስሌቱን በቃል ሳይሸመድድ፣ እያንዳንዱን እርምጃ ለምን እንደሚሠራ እያወቀ ሊጨርሰው ይችላል።

ከመሠረቱ እንጀምር። በማናቸውም ቅጽበት ጨረቃ በምድር ገጽ ላይ ካለች አንዲት ነጥብ በቀጥታ አናት ላይ ትገኛለች፤ በዚያች ነጥብ ላይ የቆመ ሰው ጨረቃን ለማየት አንገቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ማንጋጠጥ አለበት። ከዚያች ነጥብ በራቅን መጠን ጨረቃ ከአናታችን እየወረደች ወደ አድማስ ትቀርባለች፤ የወረደችበት ማዕዘን ደግሞ ከነጥቧ የራቅንበትን ርቀት በትክክል ይነግረናል። አንድ ዲግሪ በ60 የቅስት ደቂቃ ይከፈላል፤ አንድ የቅስት ደቂቃ በምድር ገጽ ላይ አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1852 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ጨረቃ ከአናቴ 30 ዲግሪ ወርዳ ከታየችኝ፣ እርሷን ከአናቱ ከሚያይ ሰው በ1800 የባሕር ማይል ርቄያለሁ ማለት ነው።

ይህ ርቀት ብቻውን አቅጣጫን አይናገርም። ከሰሜን ዋልታ ተነሥቶ በተመልካቹ አናት ላይ አልፎ ወደ ደቡብ ዋልታ የሚወርድ መስመር በሰማይ ላይ እናስብ፤ የቀትር መስመር እንበለው። ጨረቃ ይህን መስመር በምታቋርጥበት ቅጽበት ትክክል በስተደቡብ ወይም ትክክል በስተሰሜን ትሆናለች፤ በዚያን ጊዜ በእኛና ከጨረቃ በታች ባለችው ነጥብ መካከል ያለው ርቀት በሙሉ የሰሜንና የደቡብ፣ ማለትም የኬክሮስ ልዩነት ይሆናል። የነጥቧን ኬክሮስ ካወቅን የቀረው መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። ያንን ኬክሮስ መርከበኞች የጨረቃ ዴክሊኔሽን ይሉታል፤ የብሪታንያና የአሜሪካ ተቋማት በጋራ በየዓመቱ የሚያሳትሙት ናውቲካል አልማናክ የተባለው የሠንጠረዥ መጽሐፍ ለዓመቱ ቀናት ሁሉ በየሰዓቱ አስልቶ ያቀርበዋል።

ማዕዘኑ የሚለካው በሴክስታንት ነው። መሣሪያው ሁለት መስታወቶች አሉት፤ አንዱ በክፈፉ ላይ የተተከለና ግማሹ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ሌላው በሚንቀሳቀስ ክንድ ላይ የተሰካ ነው። ተመልካቹ በትንሿ መነጽር በኩል አድማሱን በቀጥታ እያየ ክንዱን ሲያንቀሳቅስ የጨረቃ ምስል ከሰማይ ወርዶ በአድማሱ ላይ ያርፋል። ሁለቱም በአንድ መነጽር ውስጥ አብረው ስለሚታዩ መርከቧ ብትወዛወዝም ምስሉ ከአድማሱ ጋር እንደተጣበቀ ይቆያል፤ የሴክስታንት ታላቅነት በዚህ ላይ ነው። መስታወት በአንድ ዲግሪ ሲዞር የተንጸባረቀው ብርሃን በሁለት ዲግሪ ስለሚዞር፣ 60 ዲግሪ ስፋት ያለው የመሣሪያው ቅስት እስከ 120 ዲግሪ የሚደርስ ማዕዘን ይለካል።

ይህ 120 ዲግሪ ከራሷ ከጨረቃ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ጆን ሃድሊ እ.ኤ.አ. በ1731 ሮያል ሶሳይቲ ለተባለው የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ያቀረበው የሴክስታንት ቀዳሚ መሣሪያ ኦክታንት ሲሆን የሚለካውም እስከ 90 ዲግሪ ነበር፤ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ ለመለካት ይህ በቂ ነው። ነገር ግን በዚያው ክፍለ ዘመን ኬንትሮስን ለማግኘት በጨረቃና በፀሐይ፣ ወይም በጨረቃና በአንድ ኮከብ መካከል ያለውን ማዕዘን መለካት የሚል ዘዴ ተስፋፋ፤ ይህ ማዕዘን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ90 ዲግሪ ይበልጣል። ጀርመናዊው ቶቢያስ ማየር ያዘጋጃቸውን የጨረቃ ሠንጠረዦች በባሕር ላይ የፈተኑት የብሪታንያ ባሕር ኃይል መኮንን ጆን ካምቤል የኦክታንቱን ቅስት የማስፋት ሐሳብ አቀረቡ፤ የለንደኑ መሣሪያ ሠሪ ጆን በርድም እ.ኤ.አ. በ1757 አካባቢ የመጀመሪያውን ሴክስታንት ሠራ። የእንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ የኔቪል ማስክሊን ናውቲካል አልማናክም ለ1767 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዋና ዓላማው ይኸው የጨረቃ ስሌት ነበር። ዛሬ ጨረቃን ለመለካት የሚቸገር መኮንን በእጁ የያዘው መሣሪያ በእርሷ ምክንያት የተወለደ መሆኑን ቢያስታውስ መልካም ነው።

ወደ ሥራው እንመለስ። የመጀመሪያው ጥያቄ ጨረቃ የቀትር መስመራችንን መቼ ታቋርጣለች የሚለው ነው። አዲስ የተወለደች ጨረቃ ከፀሐይ ጋር አብራ ስለምትጓዝ በቀትር ታቋርጣለች፤ ከዚያ በኋላ በአማካይ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ትሄዳለች። የ7 እና የ8 ቀን ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሙሉ ጨረቃ በእኩለ ሌሊት፣ ወደ ማለቂያው የቀረበችው ግማሽ ጨረቃ ደግሞ ንጋት ላይ መስመሩን ያቋርጣሉ። በባሕረ ሐሳብ አበቅቴን ይዞ የጨረቃን ዕድሜ ማስላት የሚችል ሰው ያን ዕድሜ በ50 ደቂቃ ቢያባዛ ሰዓቱን በግምት ያገኘዋል። ለትክክለኛው ሥራ ግን አልማናኩ ጨረቃ በግሪንዊች የምታቋርጥበትን ሰዓት ለየቀኑ ይሰጣል፤ እኛ ከግሪንዊች በስተምሥራቅ ከሆንን ጨረቃ ወደ እኛ የምትደርሰው ቀድማ ስለሆነ ከዕለታዊው መዘግየት የኬንትሮሳችንን ድርሻ ወስደን ከሰዓቱ ላይ እንቀንሳለን፤ በስተምዕራብ ከሆንን እንጨምራለን።

ሰዓቱ ከታወቀ በኋላ ልኬቱ ይከተላል፤ ከልኬቱ በኋላ ደግሞ እርማቶች። ሦስቱ እርማቶች ለማንኛውም የሰማይ አካል የሚደረጉ ስለሆኑ ባጭሩ ልለፋቸው። አንደኛው የመሣሪያው የራሱ ስሕተት ነው፤ ሁለቱ መስታወቶች ትይዩ ሲሆኑ ንባቡ ዜሮ መሆን ሲገባው ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ ይህም አስቀድሞ አድማሱን በራሱ ላይ በመግጠም ይታወቃል። ሁለተኛው ተመልካቹ ከባሕሩ ከፍ ብሎ በመቆሙ አድማሱ ዝቅ ብሎ የሚታይበት ነው፤ የዓይን ከፍታ በሜትር ተወስዶ ስኩዌር ሩቱ በ1.76 ሲባዛ የሚቀነሰው የቅስት ደቂቃ ይገኛል። ሦስተኛው ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ስለሚሰበር አካሉ ከእውነተኛው ቦታው ከፍ ብሎ የሚታይበት ነው፤ ከፍ ላለ አካል ከአንድ የቅስት ደቂቃ ያነሰ ሲሆን ወደ አድማስ ሲቀርብ ግን በፍጥነት ያድጋል።

የጨረቃ ልዩ ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። አልማናኩ የጨረቃን ቦታ የሚናገረው ከምድር ማዕከል እንደምትታይ አድርጎ ነው፤ እኛ የምንለካው ግን ከማዕከሉ 6378 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን፣ በምድር ገጽ ላይ ቆመን ነው። ለከዋክብት ይህ ርቀት ከምንም አይቆጠርም፤ ለፀሐይም የሚያመጣው ልዩነት ቢበዛ 0.15 የቅስት ደቂቃ ነው። ጨረቃ ግን በአማካይ በ384,400 ኪሎ ሜትር ላይ ስለምትገኝ፣ በመንገድ የሚሄድ ሰው ጥቂት ፈቀቅ ሲል በቅርብ ያለው ዋርካ ከሩቁ ተራራ አንጻር ቦታ የለወጠ እንደሚመስለው ሁሉ፣ ከምድር ገጽ ስትታይ ከማዕከሉ ከምትታይበት ቦታ ዝቅ ትላለች። ይህ ዝቅታ ፓራላክስ ይባላል። ጨረቃ በአድማስ ላይ ስትሆን ትልቁ መጠኑ ላይ ይደርሳል፤ ርቀቷ ስለሚለዋወጥ ከ54 እስከ 61 የቅስት ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም አንድ ሙሉ ዲግሪ ያህል ማለት ነው። ከአድማስ ከፍ እያለች ስትሄድ ይቀንሳል፤ አናት ላይ ስትደርስ ይጠፋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አልማናኩ ለሰዓቱ የሚሰጠው የአድማስ ፓራላክስ በከፍታዋ ኮሳይን ይባዛል፤ ውጤቱም በልኬቱ ላይ ይደመራል። መጠኑ ከሌሎቹ እርማቶች ሁሉ ስለሚበልጥ፣ በአንድ እርማት ላይ ብቻ ሁለት ጊዜ አስቡ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

ሁለተኛው የቅርበቷ ውጤት ስፋቷ ነው። የምንለካው ጠርዟን እንጂ ማዕከሏን ስላልሆነ ግማሽ ዲያሜትሯን መደመር ወይም መቀነስ ግድ ነው፤ ይህም እንደ ርቀቷ ከ14.7 እስከ 16.7 የቅስት ደቂቃ ይደርሳል። ፀሐይም ተመሳሳይ ስፋት አላት፤ ልዩነቱ የፀሐይ ክብ ሁልጊዜ ሙሉ ሲሆን ጨረቃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጎዶሎ መሆኗ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ከመለካቱ በፊት በብርሃን ሙሉ የሆነው ጠርዝ የላይኛው ነው ወይስ የታችኛው የሚለውን መወሰን አለበት። ግማሽ ጨረቃ በምትሆንበት ጊዜ ይህ በዓይን ለመለየት የሚያስቸግር ሊሆን ይችላል፤ በመነጽር ትኩር ብሎ የብርሃኗ ሁለት ቀንዶች ወዴት እንደዘነበሉ ማየት ያስፈልጋል። ጠርዙን ማሳሳት የ30 የባሕር ማይል ስሕተት ያመጣል።

ሦስተኛው ፍጥነቷ ነው። የፀሐይ ዴክሊኔሽን በሰዓት ቢበዛ በአንድ የቅስት ደቂቃ ሲለወጥ፣ የጨረቃ ግን ምድር ወገብን በምታቋርጥበት ሰሞን በሰዓት ከ15 የቅስት ደቂቃ በላይ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ለፀሐይ ኬክሮስ ሰዓት እምብዛም ሳያስጨንቅ፣ ለጨረቃ ግን የግሪንዊችን ሰዓት ቢያንስ በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት ማወቅ ይገባል። የእጅ ሰዓት ለዚህ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማስተማር የተመረጡ ናቸው፤ ቦታው ግን አብዛኛው የሀገራችን የገቢ ዕቃ የሚያልፍበት ጎረቤታችን የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። በነሐሴ አጋማሽ፣ ወደ ጅቡቲ የምትጓዝ መርከብ በግምት 48 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ናት እንበል። አልማናኩ ጨረቃ በግሪንዊች በ18፡37 ታቋርጣለች ይላል። ዕለታዊ መዘግየቷ 50 ደቂቃ ቢሆን የ48 ዲግሪ ድርሻው 7 ደቂቃ ስለሆነ፣ በመርከቧ ቦታ በ18፡30፣ በእኛ አቆጣጠር ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ታቋርጣለች። ለአንድ ዲግሪ ኬንትሮስ 4 ደቂቃ ተሰልቶ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሲቀነስ፣ ያ ቅጽበት በግሪንዊች ሰዓት 15፡18 ነው። ፀሐይ ጥቂት ቀደም ብላ ጠልቃለች፤ አድማሱም ገና በግልጽ ይታያል።

መኮንኑ ወደ ደቡብ ዞሮ፣ በብርሃን ሙሉ ሆኖ ያየውን የላይኛውን ጠርዝ በአድማሱ ላይ ያሳርፋል፤ ሴክስታንቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ በማወዛወዝ ጠርዙ የቅስቱ ዝቅተኛ ነጥብ ላይ ሲደርስ አድማሱን ብቻ እንዲነካ ያደርጋል። ንባቡ 53 ዲግሪ ከ07.0 ደቂቃ ሆነ። መሣሪያው 1.5 ደቂቃ አብልጦ የሚያነብ በመሆኑ ተቀንሶ 53 ዲግሪ ከ05.5 ደቂቃ ይቀራል። የዓይኑ ከፍታ 16 ሜትር ስለሆነ የአድማስ ዝቅታው 7.0 ደቂቃ ነው፤ ሲቀነስ 52 ዲግሪ ከ58.5 ደቂቃ ይሆናል። ለብርሃን መሰበር 0.7 ደቂቃ ይቀነሳል። የዕለቱ የአድማስ ፓራላክስ 57.0 ደቂቃ ነው እንበል፤ ግማሽ ዲያሜትሯ 15.5 ደቂቃ ስለሚሆንና የተለካው የላይኛው ጠርዝ ስለሆነ ይቀነሳል። ፓራላክሱ በከፍታው ኮሳይን ሲባዛ 34.3 ደቂቃ ይወጣል፤ ይህ ይደመራል። የመጨረሻው እውነተኛ ከፍታ 53 ዲግሪ ከ16.6 ደቂቃ ነው።

ይህን ከ90 ዲግሪ ስንቀንስ ጨረቃ ከአናት የራቀችበት 36 ዲግሪ ከ43.4 ደቂቃ ይገኛል። በ15፡18 የጨረቃ ዴክሊኔሽን 24 ዲግሪ ከ08.0 ደቂቃ ደቡብ ከሆነ፣ ከጨረቃ በታች ያለችው ነጥብ ከምድር ወገብ በስተደቡብ በዚያ ርቀት ላይ ናት፤ መርከቧ ደግሞ ከዚያች ነጥብ በስተሰሜን 36 ዲግሪ ከ43.4 ደቂቃ ላይ ናት። ከሁለተኛው የመጀመሪያው ሲቀነስ ኬክሮሷ 12 ዲግሪ ከ35.4 ደቂቃ ሰሜን ይሆናል። ፓራላክሱ ቢረሳ መልሱ 13 ዲግሪ ከ09.7 ደቂቃ በሆነ ነበር፤ መርከቧ በካርታ ላይ ከእውነተኛ ቦታዋ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ በስተሰሜን ትቀመጥ ነበር።

መደመር ወይስ መቀነስ የሚለው ብዙዎችን የሚያደናግር ነገር ነው፤ ሕግ ከመሸምደድ ይልቅ ሦስቱን ነጥቦች፣ ማለትም ምድር ወገብን፣ ከጨረቃ በታች ያለችውን ነጥብና መርከቧን በአንዲት ቀጥ ያለ መስመር ላይ በእርሳስ ማስቀመጡ ይሻላል። ይህ በተለይ ለእኛ አካባቢ ባሕሮች አስፈላጊ ነው። የጨረቃ ዴክሊኔሽን በ18.6 ዓመት ዑደት እየሰፋና እየጠበበ ይሄዳል፤ በሰፋበት ዘመን በየወሩ እስከ 28 ዲግሪ ተኩል ሰሜንና ደቡብ ሲደርስ፣ በጠበበበት ዘመን ወርኃዊ ዳርቻው 18 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ በ12 ዲግሪ ሰሜን ላይ ያለ ተመልካች በአንዱ ሳምንት ጨረቃን በስተደቡብ፣ በሌላው ሳምንት በስተሰሜን ያያታል፤ በመካከል ባሉ ቀናት ደግሞ በአናቱ ላይ ታልፋለች። አናት ላይ ስትሆን የትኛውን አድማስ እንደሚመለከት መወሰን ስለሚያቅትና ከፍታዋም በቅጽበት ስለሚለዋወጥ፣ በእነዚያ ቀናት ልኬቱን መተው ይመረጣል።

ሌላው ጥንቃቄ የትኛውን ከፍታ እንውሰድ የሚለው ነው። በፀሐይ የለመደ መኮንን አካሉ መውጣቱን አቁሞ መውረድ እስኪጀምር ይጠብቅና ትልቁን ንባብ ይይዛል። ጨረቃ ግን ዴክሊኔሽኗ በፍጥነት ስለሚለወጥ፣ መርከቧም ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ስለምትሮጥ፣ ትልቁ ከፍታ የቀትር መስመሩን ከምታቋርጥበት ቅጽበት ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። በምሳሌያችን ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ በ50 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ በፈጣን መርከብ ግን ከ10 የሰዓት ደቂቃ ሊያልፍና በኬክሮሱ ላይ የሁለት ወይም የሦስት ማይል ስሕተት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ትልቁን ንባብ ከመጠበቅ አስቀድሞ በተሰላው ሰዓት መለካት፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ጥቂት ተጨማሪ ንባቦች ወስዶ የተዛባ ንባብ እንዳለ ማየት ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሌሊት አድማስ ነው። ሙሉ ጨረቃ በእኩለ ሌሊት ስታበራ ባሕሩ በሙሉ የሚታይ ይመስላል፤ ከጨረቃ በታች ያለው የብርሃን ንጣፍ ግን ከእውነተኛው አድማስ ወዲህ ያበቃና ሐሰተኛ ጠርዝ ይፈጥራል። ያንን ይዞ የለካ ሰው ከፍታውን አብዝቶ ያነባል። በኤደን ባሕረ ሰላጤ በሰኔና በሐምሌ ወራት የሚነሣው አቧራም በቀን ሳይቀር አድማሱን ሊያደበዝዘው ይችላል። ልኬቱ የሚታመነው አድማሱ እንደ ቢላ ስለት ጥርት ብሎ ሲታይ፣ ማለትም በቀን ወይም ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ባለው አጭር ጊዜ ነው፤ ይህም ማለት ከሙሉ ጨረቃ ይልቅ ግማሿ ጨረቃ ለመርከበኛ ትጠቅማለች።

ይህን ሁሉ ድካም ሳተላይት ባለበት ዘመን ለምን ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። በቅርብ ዓመታት በቀይ ባሕርና በአካባቢው የጂፒኤስ ምልክት ሆን ተብሎ ሲታወክ ታይቷል፤ የመርከበኞችን ሥልጠናና ብቃት የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነትም የመርከብ መኮንኖች በሰማይ አካላት ቦታቸውን ማግኘት እንዲችሉ አሁንም ይጠይቃል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ትቶት የነበረውን ይህንኑ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2015 እንደገና ጀምሯል።

ጨረቃ ሌላው የሰማይ አካል የማይሰጠውን የምትሰጠው ደግሞ ከፀሐይ ጋር በአንድ ሰማይ ላይ በምትታይበት ጊዜ ነው። በምሳሌያችን ከነበረው ምሽት ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ጨረቃ የቀትር መስመሩን ያቋረጠችው በ10 ሰዓት ከ50 ገደማ፣ ፀሐይ ገና በምዕራብ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ሳለች ነበር። በዚያን ሰዓት መኮንኑ በስተደቡብ ጨረቃን ለክቶ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን የኬክሮስ መስመር በካርታው ላይ ያሰምራል፤ ወዲያው ወደ ምዕራብ ዞሮ ፀሐይን ሲለካ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተቃረበ ሌላ መስመር ያገኛል። ሁለቱ መስመሮች ወደ ቀጥተኛ ማዕዘን በተጠጋ ሁኔታ ስለሚቋረጡ፣ ፀሐይን ብቻ የሚለካ መኮንን በቀትርና በማታ መካከል ለሰዓታት ጠብቆ የሚያገኘውን ቦታ ይህኛው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ፣ በጠራ የቀን አድማስ፣ ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ይይዘዋል።